ጉንጭ ሲጽፍ፣ ዓይን ሲናገር፦ ሁለት ፊልሞች በሐኪም ዓይን ሲመዘኑ

የሕክምና መጽሔት ስለ ፊልም ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሥራችን የሚጀምረው ታማሚው ከሚነግረን ቃል ነው። ስለዚህ ቃል የተነፈገ ሰው እንዴት እንደሚናገር ለማሳየት የተነሣ የኪነ ጥበብ ሥራ የእኛም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመዘኑት ፊልሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጁልያን ሽናብል በፈረንሳይኛ አዘጋጅቶ በ2007 ለእይታ ያበቃው «የጠላቂው ልብስና ቢራቢሮው» ሲሆን፣ ሁለተኛው ጄምስ ማርሽ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውና በ2014 የወጣው «የሁሉ ነገር ንድፈ ሐሳብ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው የፈረንሳዊውን የመጽሔት አዘጋጅ የዣን ዶሚኒክ ቦቢን፣ ሁለተኛው የእንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ የስቲቨን ሆውኪንግን ሕይወት ይተርካሉ።

ሁለቱን አንድ ላይ እንድመለከት ያነሣሣኝ ዛሬ ዛሬ የሚሰማው ወሬ ነው። በሰውነት ላይ የሚለበሱ ሴንሰሮች የጡንቻን፣ የዓይንን ወይም የአንጎልን ምልክት እያነበቡ ኮምፒውተርን ያለ እጅ ንክኪ እንዲያዝዙ የማድረጉ ሙያ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ገበያ ገብቷል። በ2025 መስከረም ወር ሜታ የተባለው ኩባንያ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ አምባር ከመነጽር ጋር አጣምሮ ለሽያጭ አቅርቧል። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች የሚነገረውን የሰማ ሰው፣ ዝም ያለ ታማሚ ሁሉ አንድ ዕቃ ቢገዛለት በማግስቱ የሚናገር ይመስለዋል። ከሁለቱ ፊልሞች አንዱ ይህን እምነት ያጸናል፤ ሌላው ያፈርሰዋል። የሚያሳዝነው ግን እምነቱን የሚያጸናው በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታየው መሆኑ ነው።

ከዚሁ ልጀምር። «የሁሉ ነገር ንድፈ ሐሳብ» የተመሠረተው የሆውኪንግ የመጀመሪያ ባለቤት ጄን ሆውኪንግ በጻፉት የትዝታ መጽሐፍ ላይ ነው። ሆውኪንግን ሆኖ የተጫወተው ኤዲ ሬድሜይን በ2015 የኦስካር ሽልማት ተቀብሎበታል፤ ሽልማቱም ይገባዋል። የእንቅስቃሴ ነርቭ ሕዋሳት በሽታ እንዴት እንደሚገባ፣ በመጀመሪያ ጠመኔ የያዘ እጅ እንዴት እንደሚከዳ፣ እግር እንዴት እንደሚጎተት፣ ንግግር እንዴት እየተኮላተፈ እንደሚሄድና በመጨረሻ ለቤተሰብ ብቻ የሚገባ ድምፅ ሆኖ እንደሚቀር፣ ተዋናዩ ደረጃ በደረጃ በገዛ አካሉ ጽፎታል። በሽታውን በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ክፍል ቢያይ ይጠቀማል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ድምፁ ሲጠፋ ነው። በ1985 ሆውኪንግ ጄኔቭ ሳሉ በሳንባ ምች ታመሙ፤ በሰመመንና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይም ዋሉ። ሐኪሞች መሣሪያው ቢነቀል ምን ይመስልዎታል ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ፤ ጄን አሻፈረኝ አሉ። ታማሚው ወደ ካምብሪጅ ተወስደው ጉሮሯቸው ተበሳ፤ ሕይወታቸው ተረፈ፣ ድምፃቸው ግን ለዘለዓለም ሄደ። ፊልሙ ይህን ካሳየ በኋላ በፊደል ሰሌዳ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ታማሚው ሲያለቅሱ፣ ባለቤታቸው ሰሌዳውን ይዘው ሲለማመጡ እናያለን። ይህ ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ እውነት ያለበት ነው፤ አዘጋጁ ግን ቶሎ ይሰለቸዋል። ኮምፒውተሩ ይመጣል፣ የብረት ድምፅ ይወጣል፣ ቤተሰቡ ይስቃል፣ መጽሐፉ ታትሞ ዓለም ያጨበጭባል። በአንድ ቃልና በሚቀጥለው ቃል መካከል ያለው ረጅም ዝምታ በመቀስ ተቆርጦ ወድቋል። ተመልካቹ ችግሩ የዕቃ እጦት እንደ ነበረና ዕቃው ሲመጣ እንደ ተፈታ አምኖ ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ቅር ያሰኘኝ ወደ ፍጻሜው ላይ ያለው የአዳራሽ ትዕይንት ነው። ሆውኪንግ በመድረክ ላይ ሳሉ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት እስክሪብቶ ይወድቅባታል። በሐሳባቸው ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተነሥተው፣ ደረጃውን ወርደው፣ እስክሪብቶውን አንሥተው ይሰጧታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አልቅሷል ይባላል። እኔ ግን አዘጋጁ በዋናው ሰዓት የገዛ ባለታሪኩን አካል እንደ ከዳ ተሰማኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህ አካል እንዲህ ሆኖም ሰው ነው ሲለን ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ጀግንነትን ለማሳየት የግድ ማቆም አስፈለገው። እስክሪብቶ ማንሣት የማይችል ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚያደርገው ተጋድሎ ለትዕይንት አይበቃም ያለው ማን ነው?

ያ ተጋድሎ ምን ይመስል እንደ ነበረ እንመልከት። ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ ሆውኪንግ መጀመሪያ የተነጋገሩት በሰሌዳ ነበር፤ ሌላ ሰው በጣቱ ፊደላትን ይጠቁማል፣ እርሳቸው የፈለጉት ፊደል ላይ ሲደርስ ቅንድባቸውን ያነሣሉ። ከዚያ በካሊፎርኒያ የነበሩት ዋልት ዎልቶሽ ኢኳላይዘር የተባለውን ፕሮግራም ላኩላቸው። ዎልቶሽ ፕሮግራሙን አስቀድመው የደከሙበት በዚሁ በሽታ ለተያዙት ለባለቤታቸው እናት ነበር። በስክሪኑ ላይ ጠቋሚው በቃላትና በፊደላት ረድፍ ላይ በራሱ ይጓዛል፤ ሆውኪንግም በእጃቸው የያዙትን ማተሚያ በመጫን ያስቆሙታል። «አጭር የጊዜ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ተጠናቆ በ1988 የታተመው በዚህ አሠራር ነው።

ፊልሙ ታሪኩን የሚያቆመው እዚህ ዘመን ላይ ስለሆነ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚያስተምረውን ክፍል አላየውም። በኋለኞቹ ዓመታት ጣታቸውም ከዳ። ከመላ ሰውነታቸው በፈቃዳቸው ሊታዘዝ የቀረው አስተማማኝ ጡንቻ ጉንጫቸው ላይ ነበር። በመነጽራቸው ዘንግ ላይ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ተገጠመች። ሴንሰሯ ደካማ የኢንፍራሬድ ጨረር ወደ ጉንጭ ትልካለች፤ ከቆዳው ተንጸባርቆ የሚመለሰውንም ትለካለች። ጡንቻው ሲኮማተር ቆዳው ይጠጋል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል፤ ይህም ለኮምፒውተሩ «አቁም» የሚል አንድ ትእዛዝ ይሆናል። ያ ሁሉ ንግግር፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ የመጣው በዚህች አንድ ትእዛዝ ነው። መነጽሩ ጥቂት ከተንሸራተተ ትእዛዙ ይጠፋል። ስለዚህ መነጽሩን የሚያደርግላቸው፣ የሚያስተካክለው፣ መሥራቱን የሚያረጋግጠው ሰው የመሣሪያው ክፍል ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ስለዚያ ሰው ፊልም አልተሠራም።

በ2011 ገደማ ጉንጫቸውም ደክሞ ፍጥነታቸው በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ቃል ሆነ። የኢንቴል ኩባንያ ባለሙያዎች ተጠርተው ከ2012 ጀምረው ደከሙበት። የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ሞከሩ፤ የዓይናቸው ቆብ ስለሚወርድ አልሠራም። የአንጎልን ሞገድ የሚያነብ ቆብ አጠለቁላቸው፤ በቂ ምልክት አልተገኘም። የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አዲሱን ሶፍትዌር በመጀመሪያ ሲያቀርቡላቸው ሆውኪንግ ተቸገሩበት፤ ለረጅም ዘመን የለመዱት የአሮጌው ፕሮግራም አካሄድ በውስጣቸው ሰርጿልና። መሐንዲሶቹ ከጎናቸው እየተቀመጡ አጠቃቀማቸውን በማስተዋል ሥራቸውን ደጋግመው መለወጥ ነበረባቸው። በመጨረሻ የጸናው ያችው የጉንጭ ሴንሰር ናት። የተለወጠው ሶፍትዌሩ ነው። ከገዛ መጻሕፍታቸውና ንግግሮቻቸው የተማረ የቃል ግምት ተጨመረለት፤ ሶፍትዌሩም በ2015 ለማንም ሰው በነጻ ተለቀቀ። ሆውኪንግ ራሳቸው የአንጎሉንና የዓይኑን መሣሪያ ከሞከሩ በኋላ የጉንጩ ይቀለኛል፣ አያደክመኝም ብለዋል። እኛ ሐኪሞች ከዚህ የምንማረው ትሕትና ቀላል አይደለም፦ ከሁሉ የረቀቀው መሣሪያ ለዚያ ታማሚ ከሁሉ የተሻለው ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሽናብል ፊልም እንሻገር። ቦቢ በፓሪስ የኤል መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበሩ። በታኅሣሥ 1995 የአንጎል ግንድ ስትሮክ መታቸው። ሲነቁ ማሰብ፣ መስማትና ማስታወስ ይችላሉ፤ ከሞላ ጎደል የቀራቸው እንቅስቃሴ ግን የግራ ዓይናቸው ቆብ ብቻ ነበር። በራስ አካል ውስጥ ተቆልፎ መቅረት የምንለው ይህ ነው። ሰሜን ፈረንሳይ በቤርክ ከተማ ባለው የባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው፣ ቆባቸውን እየከደኑና እየገለጡ አንድ መጽሐፍ አስጻፉ። ጸሐፊያቸው ክሎድ ማንዲቢል ፊደላቱን በፈረንሳይኛ የአዘውትሮ ቅደም ተከተላቸው፣ ከ«ኧ» እና ከ«ኤስ» ጀምረው ይጠሩላቸዋል፤ የፈለጉት ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወደ 200 ሺህ ጊዜ ያህል ዓይን በመጨፈን የተጻፈው ይህ መጽሐፍ በመጋቢት 1997 ወጣ፤ ደራሲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐረፉ።

ሽናብል ካሜራውን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። የፊልሙ መጀመሪያ ረዘም ላለ ጊዜ የሚታየን ቦቢ የሚያዩት ብቻ ነው፤ የደበዘዘ ግድግዳ፣ ከመጠን በላይ የተጠጋ የሐኪም ፊት፣ የሚቆራረጥ ብርሃን። የቀኝ ዓይናቸው አልከደን ስላለና የብሌኑ መስታወት እንዳይቆስል ስለተፈራ ሲሰፋ፣ መርፌው የሚገባው በእኛ ዓይን ላይ ነው። ሐኪሙ ሥራውን ይሠራል፤ ውስጥ ያለው ሰው ግን አትስፉብኝ እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። ሐኪሙ ያደረገው ሕክምና ትክክል ነበር። ይህን ትዕይንት ያየ ሐኪም ግን አልጋ ላይ ዝም ብሎ ለተኛ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳይናገር መርፌ ማንሣት ይከብደዋል።

በዚህ ፊልም ሴንሰር የለም፤ ወይም ሴንሰሩ ሰው ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ አጠገባቸው ተቀምጣ ፊደላቱን ትጠራለች፤ አዘጋጁም ይህን ሥርዓት አያሳጥርልንም። ፊደላቱ ደግመው ደጋግመው ሲጠሩ እንሰማለን፣ እንሰለቻለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን፣ መልሰን እንጠብቃለን። ማርሽ በመቀስ የጣለውን ዝምታ ሽናብል የፊልሙ ሥጋ አድርጎታል። በሥርዓቱ ገና እንደተግባቡ ታማሚው የሚያስጽፉት ዓረፍተ ነገር ሞትን እንደሚሹ የሚናገር ነው። ባለሙያዋ ትቆጣለች፤ ጸያፍ ነገር እንደተናገሩ ገሥጻ ትወጣለች። ወዲያው ተመልሳ ይቅርታ ትጠይቃለች። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንድን ሰው እንዲናገር ለማድረግ ያን ያህል ደክመን፣ የተናገረው ሳይጥመን ሲቀር ቃሉን ለመንጠቅ የምንቸኩለው ለምንድን ነው? ባለሙያዋ የተመለሰችው ጥያቄው ገብቷት ይመስለኛል።

ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም። በአልጋው ዙሪያ ያሉት ሴቶች ሁሉ ውብ፣ ብርሃኑ ሁሉ ለስላሳ ነው፤ የአልጋ ቁስል፣ የምራቅ መሳብ፣ የሌሊት ተረኛ ድካም እምብዛም አይታዩም። ስለ ቦቢ የቤተሰብ ሕይወትም ከእውነተኛው ታሪክ ርቋል ተብሎ ተወቅሷል። በተለይ ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለውን መራራ ቀልድ በሙሉ አላመጣውም። ቦቢ በመጽሐፋቸው ጠያቂዎቻቸውን በጠባያቸው ይለያሉ። አንዳንዱ ትዕግሥት ኖሮት እስከ መጨረሻው ፊደል ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ገና በሁለተኛው ፊደል ቃሉን ራሱ ይጨርሰዋል። አንድ ጊዜ መነጽራቸውን ሊጠይቁ ጀምረው፣ በፈረንሳይኛ የመነጽርና የጨረቃ ስሞች አጀማመር አንድ ስለሆነ፣ በጨረቃ ምን ሊያደርጉ እንደ ፈለጉ ተጠየቁ። ሌላ ጊዜ የእግር ኳስ ጨዋታ እየተመለከቱ ሳለ አንድ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ገብቶ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሄደ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሌሊት እንቅልፍ እንዲተኙ ያሰበላቸው ይሆናል። አልጠየቃቸውም እንጂ።

ስለ ጨረቃዋ ሳነብ ፈጽሞ አልሳቅሁም፤ የራሴን ስላስታወሰኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ወጣት በጊላን ባሬ በሽታ ተይዞ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበር። እጅ፣ እግርና የፊት ጡንቻ ሁሉ ዝሎ፣ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ብቻ ቀርቶታል። በጧት ጉብኝት ከአልጋው ግርጌ ቆመን ስለ እርሱ እንነጋገር ነበር፤ ለእርሱ ግን አንነጋገርም። ይሰማል ብላ ያረጋገጠችልን ታላቅ እኅቱ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር ከሐኪም አስቀድሞ ቤተሰብ ማስተዋሉ ደግሞ ያልተለመደ አይደለም። እኅቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤቷ የፊደል ገበታ ይዛ መጣች። ረድፉን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ትጠቁማለች፤ ወንድሟ ዓይኑን ሲያነሣ ትቆምና በረድፉ ውስጥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ትሄዳለች። መጀመሪያ «መ» መጣ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ «ብ» መጣ። በዚያ የቆምነው ሐኪሞችና ነርሶች በአንድ ድምፅ «መብላት!» አልን። በአፍንጫው በገባው ቱቦ በሰዓቱ እየተመገበ መሆኑን አስረድተን፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገን ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍን። ዓይኑን ጨፈነ። ድካም መስሎን ነበር።

ማታ ሁላችን ስንሄድ እኅቱ ከቆመበት ቀጠለች። ሦስተኛው ፊደል «ራ»፣ አራተኛው «ት» ሆነ። ከአልጋው በላይ ያለው ረጅም አምፖል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ሁለት ሳምንት በዓይኑ ላይ በርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ገበታው ጥቂት ልበል፤ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ፊደል የተሠሩትን ፊልሞች ያየ ሰው የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ ይበዛል ብሎ ሊያስብ ይችላልና። 33 ረድፍ በ7 ዓምድ ሲባዛ 231 ነው፤ በእርግጥ ብዙ ነው። ነገር ግን አደራደሩን ልብ በሉ። የሆውኪንግ ኮምፒውተር ጠቋሚ መጀመሪያ ረድፍ፣ ቀጥሎ በረድፉ ውስጥ ፊደል ይመርጥ እንደነበረ ሁሉ፣ የእኛ ገበታም ከጥንት ጀምሮ ለሁለት ምርጫ የተዘጋጀ ነው፤ ሕፃናትን እንደዚያው ያስቆጠረ ነው። መምህርቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሻሻለችው። የድምፅ ልዩነት የሌላቸውን ሞክሼ ፊደላት በአንድ በአንድ ስታስቀር ረድፎቹ 27 ሆኑ። እነዚህን በአምስት ምድብ ከፈለቻቸው። መጀመሪያ ምድቡን፣ ቀጥሎ ረድፉን፣ በመጨረሻ ዓምዱን ስትጠይቅ፣ ወደ 40 ሊደርስ የሚችለው ጥያቄ ቢበዛ 18 ሆነ። ሳድስ በአማርኛ ጽሑፍ እጅግ የሚዘወተር ስለሆነ ከዓምዶቹ አስቀድማ እርሱን መጠየቅ ጀመረች። ወጪው አንድ የካርቶን ወረቀትና አንድ ማርከር ነው።

የቃል ግምት የሚሰጥ ሶፍትዌር በአማርኛ ሲሠራ ልንጠነቀቅበት የሚገባውም ከዚሁ ይገኛል። ቋንቋችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚታወቀው በመዝጊያው ነው። «መሣሪያውን አጥፉት» እና «መሣሪያውን አታጥፉት» የሚለያዩት በአንዲት «ታ» ነው። የሶፍትዌሩ ግምት ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ግን ይህ ታማሚ ዛሬ ሊል የፈለገው ላይሆን ይችላል። ውኃ ሲጠይቅ ግምቱ ቢሳሳት ጥፋቱ ቀላል ነው። ጄን ሆውኪንግ ስለ ባለቤታቸው የተጠየቁት ዓይነት ጥያቄ ለታማሚው ራሱ ሲቀርብለት ግን ግምቱ ተዘግቶ፣ ቃሉ ፊደል በፊደል ተጽፎ፣ ተመልሶም ተነብቦለት ማረጋገጫ ሊሰጥበት ይገባል ባይ ነኝ። ይህ ለኮምፒውተሩ ብቻ የተሰጠ ምክር አይደለም፤ «መብላት» ያልነው እኛ ነን።

ለታማሚው የተሠራውና ለሐኪሙ የተሠራው መሣሪያ በአንድ ስም እየተጠሩ መቅረባቸውም መታረም አለበት። በክንድ ላይ ታስሮ የጡንቻን ምልክት የሚያነብ ማዮ የተባለ ቀበቶ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ንጽሕና ሳይጓደል የራጅና የሲቲ ምስሎችን በእጅ ምልክት ለማገላበጥ ተሞክሮበታል። ሽያጩ በ2018 ቆመ። በራስ ላይ የሚደረገው የጉግል መነጽርም በ2013 በብዙ ውዳሴ ወጥቶ፣ ለሥራ ቦታ የተዘጋጀው የመጨረሻ ዓይነቱ ሽያጭ በ2023 ተቋረጠ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን የቀዶ ሐኪሙ ቀበቶ ሲቆም እጁን እንደገና ይታጠባል፤ የታማሚው ሴንሰር ሲቆም ታማሚው ዲዳ ይሆናል። ኩባንያ ሲዘጋ፣ ባትሪ ሲያልቅ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያው የምቾት፣ ለሁለተኛው የህልውና ነው።

ሆውኪንግ ራሳቸው ይህ ደርሶባቸዋል። ዓለም የሚያውቀው ያ የብረት ድምፅ የመጣው በ1980ዎቹ ከተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነበር። የድምፁ መሠረት ዴኒስ ክላት የተባሉት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የራሳቸው ድምፅ ነው፤ ክላት በ1988 በካንሰር ዐረፉ። ካርዱን የሠራው ኩባንያ ጠፋ፤ ካርዶቹም አርጅተው እየተበላሹ ሄዱ። የተሻለ የሚባል አዲስ ድምፅ ሲቀርብላቸው ሆውኪንግ አይሆንም አሉ፤ ይህ ድምፄ ነው አሉ። ጥቂት መሐንዲሶች ለዓመታት ደክመው ያንኑ ድምፅ በአዲስ መሣሪያ ላይ እንደገና ፈጠሩላቸው፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ2018 ጥር ወር ነበር። ሆውኪንግ በዚያው ዓመት መጋቢት 14 ቀን ዐረፉ። «የሁሉ ነገር ንድፈ ሐሳብ» ሲሠራ ይህን ድምፅ ለፊልሙ የፈቀዱት እርሳቸው ናቸው። በእኔ ግምት በፊልሙ ውስጥ ከሬድሜይን ጨዋታ ቀጥሎ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ አዘጋጁ ግን ድምፁ ከማን እንደመጣና በማን ትከሻ እንደቆመ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከሁለቱ አንዱን ለተማሪዎች ለማሳየት የሚሻ መምህር ቢኖር የሽናብልን እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ ከ112 ደቂቃው የመጀመሪያው ሩብ እንኳ ይበቃል። እኔ ይህን በአንድ የማስተማሪያ ክፍል ሞክሬዋለሁ። ፊልሙን አቁሜ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጌ መደብኋቸው፤ አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ሐኪም፣ በመካከላቸው የፊደል ገበታ። ታማሚ የሆነው በዓይኑ ብቻ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ያስጽፋል፤ አፉን እንዳይከፍት ተነግሮታል። በአንደኛው ጥንድ የተመረጠው ቃል «ሙቀት» ነበር። ሐኪሙ «ሙ» ላይ እንደደረሰ «ሙዝ» አለ። ቀጥሎ «ሙሉ» አለ። «ቀ» ላይ ሳይደርስ «ሙከራ» ብሎ ሦስተኛ ሲገምት፣ ታማሚው ሕጉን ረስቶ ከወንበሩ ተነሣና «ሙቀት ነው፣ ሙቀት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እርሱ ራሱም ሳቀ፤ ከዚያ ተቀመጠ።